አሰልጣኛችን ሃይላንድ ወረወረ፣ ኮሌጁ ሽማግሌ ላከ፤ እኔስ ምን ላድርግ?

ብርቱካን ቆራጩ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ።

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ መምህር ነኝ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ስታነቡት ምክንያቱ ይገባችኋል። እንጀራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን «ኳስ ትወዳለህ አይደል?» ተባልኩና የወንዶች እግር ኳስ ቡድን መሪ ሆንኩ። ቡድን መሪ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የተጫዋቾች መታወቂያ እይዛለሁ፣ ሚኒባስ እከራያለሁ፣ ማልያ ቆጥሬ እረከባለሁ፣ ለእረፍት ሰዓት ብርቱካን እቆራርጣለሁ። ዳኛ ሲሰደብ ሄጄ የምለማመጠውም እኔው ነኝ።

ጥያቄዬ ስለ አሰልጣኛችን ነው።

ሰውየውን እንዳልበድለው ደግ ደጉን ላስቀድም። ታኬታ የሌለው ልጅ ሲያይ ከኪሱ አውጥቶ ይገዛል። አምና አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ሲሰበር ሆስፒታል ይዞት ሄዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አድሯል። እኔ ቤቴ ገብቼ ተኝቻለሁ። ኳስም ያውቃል። እነዚህ ልጆች ሲመጡ አሥራ አንዱም ኳስ ተከትለው የሚሮጡ ነበሩ። አሁን ቦታ ይዘው ይጫወታሉ።

ንዴቱ ግን አላስቀምጥ ብሎናል። ፊሽካ ሲነፋ ሌላ ሰው ይሆናል። አምና በልምምድ ላይ የውሃ ባልዲ በእግሩ ጠልዞ የአንዱን ልጅ ቅልጥም አቆሰለ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ደግሞ በረኛውን ማልያው አንገት ላይ ጨምድዶ ይዞ ሲንጠው ማልያው ተቀደደ። ንብረት ክፍል ማልያውን ያስከፈለው ማንን ይመስላችኋል? በረኛውን።

ሦስተኛው ነው ለዚህ ጽሑፍ ያበቃኝ። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት አይሞላም። 1 ለ 0 እየተመራን ለእረፍት ወጣንና ከሜዳው ዳር ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ጎሉ የገባው የግራ መስመር ተከላካያችን ኳስ ስለተቀማ ነው። ልጁ አንደኛ ዓመት ነው፣ ከደምቢያ፣ ከቆላ ድባ የመጣ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ሲያሸንፍ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ ለዐፄዎቹ የመጫወት ሕልሙን ያኔ እንደያዘው አጫውቶኛል። አሰልጣኙ ያልተከፈተ ሃይላንድ ይዞ ነበር። «አንተ ሂድና እርሻህን እረስ!» አለና ወረወረው።

ጆሮው ላይ ነው ያረፈው። ጧ! ሲል ሁላችንም ሰማን። ክዳኑ ተፈናጥሮ ውሃው እኔ ብርቱካን ያስቀመጥኩበት ትሪ ላይ ፈሰሰ። ማንም ምንም አላለም። እኔም ጭምር።

ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሃይላንዱን ከመሬት አነሳው። ሣሩ ውስጥ ክዳኑን ፈልጎ አገኘና ገጠመው። ከዚያ አሰልጣኙ ቦርሳ አጠገብ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ ሁለተኛውን አጋማሽ ተጫወተ። 1 ለ 1 ወጣን።

ወሬው ዲኑ ዘንድ ደረሰ። ዲኑ ሽማግሌ ላከ። እሁድ ማታ ፒያሳ አንድ ጥብስ ቤት ተሰበሰብን። ለሽማግሌዎቹና ለእኛ ዳሽን ቢራ፣ ለልጁ ሚሪንዳ ታዘዘ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ መረቁ። አሰልጣኙ ተነስቶ የልጁን ግንባር ሳመ። ልጁ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የአሰልጣኙን ጉልበት ሳመ። ልብ በሉ፣ ይቅርታ የሚጠየቀውም ልጁ፣ ጎንበስ ያለውም ልጁ። ሒሳቡን ኮሌጁ ከፈለ። ሚሪንዳው ግማሹ እንኳ አልተጠጣም።

በማግስቱ ዲኑ ቢሮ ሄጄ «ቃለ ጉባኤ ይያዝ» አልኩ። «በእርቅ ያለቀ ነገር ምን ተብሎ ይጻፋል? በሰው እንጀራ አትግባ» አለኝ። የባልዲውም የበረኛውም ነገር ያለቀው እንዲሁ ነው። ዛሬ የኮሌጁ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ የዚህን ሰው ፋይል ብታወጡ፣ በሕይወቱ ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሦስቱም ጊዜ «ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ይለፈው» ተብሎለታል።

እርቅን ንቄ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው። ግን አባቴ ዋስ ይጠራ ነበር። «ብትደግመው ዋስህ ማነው?» ሳይል ምርቃት አይጀምርም። የኛው ሽምግልና ዋሱን ረስቶ ጥብሱን አልረሳም።

ልጁ አሁንም ይሰለፋል። ግን ኳስ ሲደርሰው ቀና ብሎ መጀመሪያ የሚያየው የኛን ወንበር ነው። ከዚያ ለበረኛው ይመልሳታል። ድሮ መስመሩን ይዞ የሚከንፍ ልጅ ነበር።

በጽሑፍ ሪፖርት ላድርግ ወይስ በእርቁ ይቅር? ከአሰልጣኙ ጋር በየቀኑ ቡና አብረን ነው የምንጠጣው።

የዐፄዎቹ ወገን

ወንድሜ በአንድ ሃይላንድ ይሄን ሁሉ ጻፍክ? እኛ ስንጫወት በፊሽካ ገመድ ነበር የምንገረፈው። የማንቸስተር ዩናይትዱ አሰልጣኝ ፈርጉሰን ታኬታ ጠልዞ የቤካምን ቅንድብ አልፈነከተም እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2003፣ አርሰናል በኤፍኤ ካፕ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 2 ለ 0 ካሸነፋቸው በኋላ። ማን ከሰሰው? በዚያው ዓመት ሊጉን በሉ። አሰልጣኝ ካልተቆጣ ምኑን አሰልጣኝ ሆነ? ልጆቹን ቅምጥል አታድርጓቸው። ሰውየው ታኬታ ይገዛል፣ ሆስፒታል ያድራል እያልክ፣ መልሰህ ልትከስሰው ነው? ተው እንጂ።

ብርቱካን ቆራጩ

ቤካም በዚያው ክረምት ማድሪድ ሄደ። የኔ ልጅ የት ይሂድ? ቆላ ድባ?

የአራዳ ልጅ ከኦሃዮ

መምህር፣ እኔ ጎንደር አራዳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አሁን የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ያንተን ጽሑፍ ሳነብ የዚህ አገር ታሪክ ትዝ አለኝና ልጨዋወትህ።

እዚህ ፉትቦል የሚሉት ኳሷን በእጅ ይዘው የሚጋጩበትን ነው። የኮሌጅ ጨዋታ ነው ብለህ እንዳትንቅ። የኦሃዮ ስቴት ስታዲየም ከ100,000 በላይ ሰው ይይዛል። የጨዋታ ቀን መኪና ማቆሚያ መፈለግ ጥምቀት ዕለት ፒያሳ መኪና ለማቆም እንደመሞከር ነው።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በዉዲ ሄይስ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። ሰውየው ከ1951 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚህ አሰልጥኗል፤ 205 ጨዋታ አሸንፏል። እንዳንተው አሰልጣኝ ግን ቁጡ ነበር። በ1971 ከሚቺጋን ጋር ሲጫወቱ በዳኛው ተናዶ የመስመር ምልክቶቹን ሜዳ ላይ ሰባበረ። በ1977 የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ መታ። ዝም ዝም ተባለለት፤ ያሸንፋላ! በመጨረሻ ታኅሣሥ 1978 ፍሎሪዳ ላይ፣ ጌተር ቦውል በሚባለው ጨዋታ ክሌምሰን የሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ እየመራቸው ነው። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው የክሌምሰን ተጫዋች የነሱን ቅብብል ጠለፈና ከሜዳ ሲወጣ ሰውየው አጠገብ ደረሰ። ሰውየው ልጁን አንገቱ ላይ በቡጢ መታው። የሌላ ቡድን ተጫዋች እኮ ነው! አገር ሁሉ በቴሌቪዥን እያየ። 17 ለ 15 ተሸነፉ፣ በማግስቱ ተባረረ። 28 ዓመት የሠራ ሰው በአንድ ሌሊት።

እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች እስከዛሬ ስለሱ ሲያወሩ ያዝናሉ። ደግ ሰው ነበር ይላሉ፤ ሆስፒታል እየሄደ የታመመ ይጠይቅ ነበር ይላሉ። ያንተው ሰውዬ ቁርጥ! እኔ ግን ሁሌ የማስበው ሌላ ነው። በ1971 አንድ ሰው ደፍሮ ሁለት ጨዋታ ቢያስቀምጠው ኖሮ፣ ምናልባት በክብር ጡረታ ይወጣ ነበር።

ሌላም አለ። ይሄኛው ቅርጫት ኳስ ነው፣ ኒው ጀርሲ፣ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ። አሰልጣኙ በልምምድ ላይ ተጫዋቾቹን በኳስ ሲደበድብ፣ ሲገፈትር፣ አጸያፊ ስድብ ሲሳደብ በቪዲዮ ተይዟል። አለቆቹ አይተውታል። ታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ላይ ሦስት ጨዋታ አግደው 50,000 ዶላር ቀጡትና ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ሚያዝያ 2013 ቪዲዮው በቴሌቪዥን ወጣ። በማግስቱ አሰልጣኙ ተባረረ። ሁለት ቀን ቆይቶ የስፖርት ኃላፊውም ለቀቀ። ለዲንህ ይህቺን የመጨረሻዋን ንገረው። ዛሬ ተማሪ ሁሉ ስልክ ይዟል። ባሕር ዛፉ ሥር ማን ሲቀርጽ እንደነበር ታውቃለህ?

አሮጌው ፊሽካ

እኔ ራሴ ተሳዳቢ አሰልጣኝ ነበርኩ። ደብረ ታቦርም፣ ደባርቅም፣ ጎንደርም አሰልጥኛለሁ። ስለዚህ ከወዲያኛው ወንበር ልንገርህ።

ሽማግሌ እኔም ጋ መጥቷል። ብዙ ጊዜ። ደስ ይለኝ ነበር። ስትሳሳም ትቀልላለህ። ሆድህ ውስጥ የነበረው ጭነት ይወርድልሃል። የወረደው ግን ከኔ ላይ ነው። ልጁ ጋ ምን እንደቀረ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅ።

እኔን ያስተካከለኝ አንድ ጥርሱን የማያሳይ የስፖርት ኃላፊ ነው። ወሬ የለ፣ ጥብስ የለ። ደብዳቤ ሰጠኝ። ሁለት ጨዋታ ወንበር ላይ አትቀመጥም ይላል። ቆጣ ቆጣ ብዬ ነበር፤ «እለቃለሁ» ሁሉ ብያለሁ። «ልቀቅ» አለኝ። አልለቀቅኩም። ሁለቱን ጨዋታ ከተመልካች ጋር ከገመዱ ውጭ ቆሜ አየሁ።

ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ልጆቹ ይነጋገራሉ! «ጀርባህን!»፣ «ልቀቃት!»፣ «እኔ አለሁ!» ይባባላሉ። እኔ መስመር ላይ ስቆም አንድም ቀን ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው። ለካ እኔ ስጮህ እነሱ ዝም ይሉ ኖሯል። በሁለተኛው ጨዋታ ያለኔ አሸነፉ። አስቀናኝ እንጂ ደስ አላለኝም፤ እውነቱን ልናገር።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጨዋታ ሕጉ ተለውጦ ዳኛ ለአሰልጣኝም ቢጫና ቀይ ያሳያል። ዛፍ ሥር የሚሆነውን ግን ዳኛ አያይም። እዚያ ያላችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ እናንተ ካልጻፋችሁ ማንም አይጽፍም። ደግሞ ጻፍ ስልህ ከጀርባው ጻፍ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ፊቱ ንገረው። ቡና አብሮህ የሚጠጣ ሰው ደብዳቤውን ከዲን እጅ ካየው እድሜ ልኩን አይምርህም፤ ልክም ነው። ሌላው፣ ሳቅብኝ ከፈለግክ፣ ሃይላንዱን ከእጁ ውሰድ። እጁ ባዶ የሆነ ሰው እስኪያነሳ ድረስ ትንሽ ያስባል። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር የሚያስይዙኝ። ስናደድ እጽፋለሁ። ቤት ስገባ ሳነበው ግማሹ ስድብ ነው፤ ግን ወረቀት ላይ ነው የቀረ።

ቁጥር 8

ሴቶች ቡድን ውስጥ አማካይ ነበርኩ። የኛ አሰልጣኝ ወርውሮ አያውቅም። ምላሱ ግን ከሃይላንድ ይብሳል። ስለ ሰውነቴ የተናገረኝን እዚህ አልደግመውም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ታኬታዬን ለታናሽ እህቴ ሰጥቼ ተውኩት። «ትምህርት በዛባት» አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ የዚያን ቀን የነበረውን ነፋስ እንኳ አልረሳሁም። እሱን ብትጠይቁት ስሜንም አያስታውስ።

መምህር፣ ሁላችሁም ስለ ጠርሙሱ ነው የምታወሩት። እኔን ያመመኝ «እርሻህን እረስ» ያለው ነው። ከቡድናችሁ ስንቱ ነው የገበሬ ልጅ? ያን ቀን ስንት ልጅ ተመታ? የምትበሉት ጤፍ ከደምቢያ አይደል እንዴ የሚመጣው?

ደግሞ አንድ ነገር። ዲኑ ተናገረ፣ ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ አንተ ተናገርክ፣ ፈርጉሰንና የኦሃዮው ሰውዬ ሳይቀሩ ተጠሩ። ልጁን ማን ጠየቀው?

የዐፄዎቹ ወገን

ቁጥር 8፣ ስለ እርሻው ያልሽው ልክ ነው። እሱን ዘልዬው ነበር። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። በሌላው ግን አሁንም አልተስማማሁም፤ ሁለት ጨዋታ ይቀጣ፣ ሥራው አይነካ።

ብርቱካን ቆራጩ

አምስት ቀን ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ቁጥር 8፣ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት ነው፣ እኔም አልጠየቅኩትም ነበር። ለሱ እያዘንኩ ስለሱ ከሌላው ሁሉ ጋር አወራሁ።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ባጃጅ ሳልይዝ ከልጁ ጋር በእግር ሄድን። መጀመሪያ «ምንም አልሆንኩም መምህር» አለ። እንደማይነግረኝ ገባኝና ስለ ቤተሰቦቹ አወራን። ሽምብራቸው ዘንድሮ ጥሩ እንደያዘ ነገረኝ። መለያያችን ላይ ስንደርስ ቆመና ጫማውን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ ኮች እንዲባረሩ አልፈልግም። ይሄን ታኬታም እሳቸው ናቸው የገዙልኝ። ግን የሰደቡኝ ልጆቹ ፊት ነው። ይቅርታ ያሉኝ ጥብስ ቤት ነው፣ ልጆቹ በሌሉበት። ልጆቹ አሁን 'አራሹ' ነው የሚሉኝ።»

'አራሹ'። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሜዳ ላይ ስሰማው ቅጽል ስም መስሎኝ፣ አንድ ቀን ስቄም ነበር።

በማግስቱ ለአሰልጣኙ ነገርኩት። ቡናው ላይ፣ ልክ አሮጌው ፊሽካ እንዳልከው ፊት ለፊት። ልጽፍ እንደሆነ፣ ሦስቱንም እንደምጽፍ፣ ሁለት ጨዋታ ከወንበር እንዲነሳ እንደምጠይቅ ነገርኩት። የልጁንም ቃል ነገርኩት። ተነስቶ ሄደ። ሁለተኛውን እንኳ አልጠጣም። ቡና አፍይዋ «ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። ስለ ቅዳሜው አሰላለፍ አወራን። የቀኝ አጥቂው ጉልበቱን እንዳመመው፣ ሚኒባሱ በሁለት ሰዓት እንዲመጣ፣ ምናምን። ልንዘጋ ስንል «ያ ነገር...» አለና ዝም አለ። ቆየት ብሎ «አራሹ ነው የሚሉት?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እኔ አላወቅኩም ነበር» አለና ዘጋው።

ደብዳቤውን ትናንት አስገባሁ። ባልዲው፣ ማልያው፣ ሃይላንዱ፣ ሁሉም ከነቀኑ። የበረኛው ገንዘብ ይመለስለት የሚልም አለበት። የአባቴን ነገር አስቤ፣ ኮሌጁ አሰልጣኙን ከያዘው ዋስ ይጥራ ብዬ ጨመርኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አንብባ ቀና ብላ አየችኝና ቁጥር ሰጥታ ማኅተም መታችበት። ዲኑ እስካሁን አልጠራኝም። ሲጠራኝ የራትገርሱን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ነገ ሐሙስ ልምምድ አለ። አሰልጣኙ ዛሬ ጠዋት አጭር መልእክት ልኮልኛል፤ «ልጆቹ ሁሉም ይምጡ፣ የተጎዱትም» ይላል። ሌላ ምንም አልጻፈም። በረኛው ፈተና አለብኝ ብሎ ነበር፤ አሁን ልደውልለት ነው።

ሃይላንዶቹን እኔ ነኝ የምይዘው።